ለትንሽ ቶርኖ ቤት የሚሆን ሲኤንሲ

የአዲስ አበባ ቶርኖ ቤቶች እንጀራ አብዛኛውን ጊዜ ጥገና ነው። የተበላ ዘንግ ይመጣል፣ ጥርሱ የረገፈ ማርሽ ይመጣል፣ ከውጭ ቢታዘዝ ወራት የሚፈጅ የፋብሪካ መለዋወጫ ይመጣል። ይህን ሁሉ ቶርኖና በእጅ የሚሠራ ሚሊንግ ማሽን ይወጡታል። ደንበኛው «እንደዚህ ያለ 200 ሥራልኝ» ያለ ቀን ወይም ጎባጣ የፕላስቲክ ሞልድ ይዞ የመጣ ቀን ነው ባለቤቱ ስለ ሲኤንሲ ማሰብ የሚጀምረው።

ሲኤንሲ ሚሊንግ ብረት የሚቆርጠው እንደ እጁ ማሽን ነው። ልዩነቱ ጠረጴዛውን የሚገፉት ሰርቮ ሞተሮች መሆናቸውና ሞተሮቹን የሚያዝዘው ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያነበው ጂ ኮድ ይባላል፤ «ጂ 1» በቀጥታ እየቆረጥክ ሂድ፣ «ኤም 6» መቁረጫ ቀይር ማለት ነው። ነገሩ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ ለሄሊኮፕተር ክንፍ ቅርጽ ሲል የጀመረውን ሐሳብ ኤምአይቲ አዳብሮት፣ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝ ሚሊንግ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 አሳየ። ለትንንሽ ወርክሾፖች በሩ የተከፈተው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። የካሊፎርኒያው ሀስ ኩባንያ ቪኤፍ-1 የተባለውን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1988 ከ50 ሺህ ዶላር በታች ለገበያ ሲያቀርብ፣ ባለጥቂት ሠራተኛ ወርክሾፕም ሊገዛው የሚችል ሆነ።

ሻጭ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ስፒንድል ፍጥነት ነው። 12 ሺህ ዙር በደቂቃ ሲባል ጆሮ ይስባል፤ ለአሉሚኒየምና ለቀጫጭን መቁረጫም በእርግጥ ይጠቅማል። የጥገና ቤት ግን ከብረት ጋር ነው የሚታገለው። 63 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፌስ ሚል ብረትን በደቂቃ 150 ሜትር ፍጥነት ሲቆርጥ፣ ስፒንድሉ የሚዞረው 760 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው 11 ሺህ ዙር በከንቱ የተከፈለበት ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው ጉልበትና ክብደት ነው፤ ካስት አይረን አካል፣ ከቢቲ30 ይልቅ ቢቲ40 ሆልደር የሚይዝ ስፒንድል። ቀላል ማሽን ብረት ሲገጥመው ይንቀጠቀጣል፤ ገጹ ሞገድ ያወጣል፣ ውድ የካርባይድ መቁረጫም ጫፉ ይሸረፋል። እኔን ቢጠይቁኝ ከፈጣኑ ከባዱን እመርጣለሁ።

ስፋቱን የሚወስነው የራስ ሥራ ነው። ያለፈው ዓመት ሥራ ተለክቶ፣ ትልቁ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዕቃ ይታይ። እንደ ሀስ ቪኤፍ-2 ያለ ማሽን 762 በ406 በ508 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ሞርሳው ተጭኖበትም ለአብዛኛው መለዋወጫ ይበቃል። በዓመት አንዴ ለሚመጣ ግዙፍ ሥራ ተብሎ ትልቅ ማሽን መግዛት አያዋጣም፤ እሱን ለጎረቤት ወርክሾፕ መስጠት ይሻላል። የወርክሾፑ በርና ወለልም ቀድመው ይታዩ፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ በጭነት መኪና የመጣ ባለብዙ ቶን ማሽን በር ላይ ሲቀር ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል።

ካታሎግ የማይናገረውን የሚናገር አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሻጩ አሉሚኒየም ላይ 100 ሚሊሜትር ክብ እንዲቆርጥ ይደረግና ገጹ በጥፍር ይዳሰስ፣ በዳያል ጌጅም ይዞር። ክቡን ለመሥራት ማሽኑ በሁለቱ አቅጣጫዎች ተራ በተራ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ ቦልስክሩ ልል ከሆነ ወይም ሰርቮው በደንብ ካልተስተካከለ በነዚያ አራት መመለሻ ነጥቦች ላይ ትንሽ እብጠት ወይም ጭረት ይቀራል። ኮምፒውተሩ ክፍተቱን በቁጥር ሊሸፍን ይሞክራል፤ ጥፍር ግን ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል።

ኤሌክትሪኩም አለ። ማሽኑ ባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋል፤ ስታቢላይዘርም ከመጀመሪያው በበጀቱ ይግባ። መብራት ሲጠፋ ስፒንድሉን ተሸክሞ የሚወርደውን ራስ ፍሬን ይይዘዋል፣ ጥርስ እያወጣ የነበረ ታፕ ግን ቀዳዳው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። እሱን ሳይሰብሩ ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኮምፕረሰር፣ ሆልደሮች፣ ሞርሳና የካም ሶፍትዌርም ከዋጋው ውጪ ናቸው፤ ብዙ ገዢ ማሽኑን ከፍሎ ሲጨርስ ነው የሚያስታውሳቸው።

ኮንትሮሉ ፋኑክ ይሁን ሲመንስ ወይም የታይዋኑ ሲንቴክ፣ ዋናው ጥያቄ ቦርድ ሲቃጠል ማን መጥቶ ይከፍተዋል የሚለው ነው። በርካሽ የተገዛ ማሽን አንድ ቦርድ እየጠበቀ ከቆመ ርካሽነቱ እዚያው ያበቃል። በርክክቡ ዕለት የማሽኑ ፓራሜትር በሙሉ በሜሞሪ ካርድ ተገልብጦ ለባለቤቱ ይሰጠው። ብዙዎቹ ኮንትሮሎች ፓራሜትሩን ማሽኑ ሲጠፋ በትንሽ ባትሪ ያቆዩታል፤ ባትሪው ካለቀ ማሽኑ መነሻ ነጥቡን እንኳ ሊረሳ ይችላል። የባትሪ ማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ታዲያ ባትሪው የሚቀየረው ማሽኑ በርቶ ሳለ ነው።