ወደ ሥራ ስንወጣ ለልጆቻችን ምን እንላቸዋለን?



በካርቱም ከተማ በዴምና በጅሬፍ ሰፈሮች የኖርን ኢትዮጵያውያን ስደተኞች አንድ ልማድ ነበረን። እናት ወይም አባት ማልደው ለሥራ ሲወጡ፣ ልጁ እንዳያለቅስ ሲሉ ተኝቶ ሳለ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ከነቃም «ከረሜላ ገዝቼ አሁን እመጣለሁ» ይሉታል። የሚመለሱት ግን የመግሪብ አዛን ካለ በኋላ ነው። ይህን የምናደርገው ክፉ አስበን አይደለም። ሆኖም ልጆቻችንን ችግር የማይሰብራቸው አድርገን ለማሳደግ የምንሻ ከሆነ መጀመር ያለብን ከዚሁ ከጠዋቱ ስንብት ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ በዴም ሰፈር በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ የኢትዮጵያውያንን ልጆች ፊደልና ሂሳብ አስተምር ነበር። በዚያች ክፍል ያየሁት አንድ ነገር ብዙ አሳስቦኛል። አባቱ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ምንም ያልጎደለበት አንድ ልጅ በር በተንኳኳ ቁጥር እርሳሱን ጥሎ ይነሣ ነበር። በአንጻሩ የአንዲት ሻይ ሻጭ ልጅ እናቱ ሁለት ጊዜ በከሻ ተይዛ ያደረች ቢሆንም ተረጋግቶ ይማራል። (ከሻ ማለት ፖሊስ የሚያደርገው አፈሳ መሆኑን በካርቱም ላልኖሩ አንባቢያን ልግለጽ።) እናቱን «እህቴ፣ ይህን ልጅ እንዴት አድርገሽ ነው የያዝሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን አደረግሁ ብለው ነው መምህር!» አለችኝ። «የምሄድበትን እነግረዋለሁ። አዛን ሲል እመጣለሁ እለዋለሁ። ካልመጣሁ ደግሞ ማን ቤት ሄዶ እንደሚያድር ያውቃል።»

መልሷ እኔን ራሴን ነካኝ። ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጄ ማታ ማታ ጫማዬን አልጋ ሥር እየደበቀ ያስቸግረኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፈልጌ ፈልጌ ስላጣሁት አርፍጄ ወጣሁ፤ ማታ ስመለስም ገረፍኩት። ባለጌ ሆነብኝ ብዬ ነበር። ልጁ ግን ጫማ ከሌለኝ መሄድ እንደማልችል አስልቶ ነው። ተኝቶ ሳለ አባቱ የሚጠፋበት ልጅ እንቅልፍን ይፈራል። «አሁን እመጣለሁ» ተብሎ ሙሉ ቀን የጠበቀ ልጅ ደግሞ «አሁን» የሚለውን ቃል አያምንም፤ ቆይቶም የምንናገረውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። ትንሽ ልጅ ሰዓት አያውቅም። የሚያውቀው ምልክት ነው፤ አዛን፣ የራክሻ ድምፅ፣ የጎረቤት ከሰል ማንደድ። ስለዚህ መመለሻችንን በሰዓት ሳይሆን በሚሰማውና በሚያየው ነገር ልንነግረው ይገባል። እኔ ማታውኑ «ነገ እሄዳለሁ፣ አዛን ሲል ና በር ላይ ጠብቀኝ» ማለት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ልቅሶው ከበፊቱ ባሰ፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌሎች ወላጆች በሦስተኛው ቀን ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው። ጫማ መደበቁ ግን ቀረ።

በውጭው ዓለምም ጉዳዩ በጥናት ተፈትሿል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም የተባሉ ሁለት ሴቶች ሕፃናት ማቆያ ከፍተው ነበር። በ1943 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ ልጆቹን ከቦምቡ ይልቅ የጎዳቸው ከእናታቸው መለየታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኤሚ ወርነርና ሩት ስሚዝ በሃዋይ ካዋይ በተባለች ደሴት በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ 698 ልጆችን ለአርባ ዓመት ያህል ተከታተሉ። በድህነትና በቤተሰብ ጠብ መካከል ካደጉት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለራሳቸውም ለሰውም የሚተርፉ ጎልማሶች ሆኑ። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ፣ የሚወዳቸው ሰው መኖሩ ነው። ይህ ሰው የግድ እናት ወይም አባት መሆን የለበትም፤ አያት፣ አክስት፣ መምህርም ይሆናል። ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ይመስለኛል።

እውነቱን የመናገር ነገር ይበልጥ የተፈተነው በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን፣ ቀዳም ስዑር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ካርቱም ላይ ውጊያ ተነሣ። በግቢያችን ዶሮው ታርዶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ ነበር። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ አንዳንዶቻችን ለልጆቻችን «ርችት ነው፣ የበዓል ነው» አልናቸው። ልጆቹ ግን ፊታችንን እያዩ ነው። አፋችን ርችት ሲል እጃችን ሲንቀጠቀጥ ካዩ፣ ከተኩሱ በላይ የሚያስፈራቸው ወላጆቻቸው የደበቁት ነገር መኖሩ ነው። ያቺ ሻይ ሻጭ ለልጇ የነገረችው እንዲህ ነው፦ «ተኩስ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። ከመስኮቱ ርቀን ከዚህ ግድግዳ ሥር አብረን እንቀመጣለን።» ከዚያም ሥራ ሰጠችው። ውሃ ተቋርጦ ስለነበር በየጠዋቱ ስንት ጀሪካን እንደቀረ ቆጥሮ ይነግራት ጀመር። ሰባት ዓመቱ ነው፤ የግቢው ሰው ሁሉ «የውሃ ሹም» ይለው ነበር።

ከሥራ ጋር በተያያዘ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለልጅ የሚሰጠው ሥራ በአቅሙ ሊሆን ይገባል፤ ውሃ መቁጠር፣ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ማዞር፣ ታናሽን ማጫወት። በካርቱም ግን ልጆቻችን ዐረብኛ ከእኛ ቀድመው ስለሚለምዱ በየቢሮውና በየሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ አድርገናቸዋል። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ሐኪሙ ስለ እናቷ ዕጢ የሚናገረውን ስትተረጉም በዐይኔ አይቻለሁ። ግማሹን አስቀርታ ነበር የተረጎመችው። ይህ ልጅን አያጠነክርም፤ ሸክም ያለጊዜው መጫን ነው። ዳቦ ሲገዛ ልጁ ቢያስተረጉም አይጎዳም፤ ለሕመምና ለወረቀት ጉዳይ ግን ዐረብኛ የሚችል ጎልማሳ ጎረቤት ይለመን።

ሌላው ሁላችንም የምንፈጽመው ስሕተት የሂደት ወሬ ነው። «የሚመጣው ዓመት ካናዳ እንሄዳለን» የተባለ ልጅ ዐረብኛውንም አማርኛውንም ለምን ይማራል? አንድ ተማሪዬ ደብተሩን አልሞላም ብሎ «መምህር፣ እዚያ ሌላ ደብተር አለ» ብሎኛል። ይህንኑ ለሦስት ዓመት ደጋግሞታል። ተስፋ አይነገራቸው ማለቴ አይደለም። «አመልክተናል፣ መልሱ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም፣ እስከዚያ እዚህ እንማራለን» ቢባሉ በቂ ነው። ዓርብ ዓርብ ልጆቹን ወደ ወንዙ ዳር ወስጄ ይህ ውሃ ከጣና በኩል የመጣው ዓባይ ነው፣ ነጭ ዓባይን የሚያገኘው እዚህ ከተማ ውስጥ ነው ስላቸው ይደሰቱ ነበር። የሚኖሩበት ቦታ ሁለተኛ ደረጃ የመጠበቂያ ክፍል እንዳልሆነ የሚሰማቸው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስለ ዱላ ብዙ አልልም፤ የራሴን ተናግሬአለሁ። ብዙውን ጊዜ የምንመታው ልጁ ስላጠፋ ሳይሆን ቀኑ ስለከፋብን ነው። በንዴት የመታ ወላጅ ማታ ልጁን «አጥፍቻለሁ» ቢለው ክብሩ አይቀንስም።

በመጨረሻ ሻይ ሻጯ ወደነገረችኝ ሦስተኛ ነገር ልመለስ፤ «ካልመጣሁ» የሚለው ነው። ይህን ለልጅ መናገር ያስጨንቀናል። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ብዙ ቤተሰብ በየአውቶቡስ መናኸሪያው ተለያይቷል። ስለዚህ ማንኛውም ልጅ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ፣ የእናቱን ሙሉ ስም፣ የትውልድ አገራቸውን፣ አንድ ስልክ ቁጥርና የአንድ ጎረቤት ስም በቃሉ ይወቅ። የስደተኛ ወረቀቱን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ልብሱ ውስጥ ስፉለት። ስልኩን በዜማ ብታስጠኑት ቶሎ ይይዘዋል፤ እኛ በክፍል ውስጥ የማባዛት ሠንጠረዥ ስናዜም አብረን እናዜመው ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ስድስት ዓመቷ፣ ወደ ገዳሪፍ ስንጓዝ በግርግር ከእናቷ ተለይታ በሌላ መኪና ተሳፈረች። በማግሥቱ በስልክ የደወሉልን ሱዳናዊ አባት ልጅቱ ቁጥሩን እየዘፈነች እንደነገረቻቸው፣ እሳቸውም እንድትደግምላቸው ሁለት ጊዜ እንዳዘፈኗት አጫወቱን።