የፕሩት አይጎ ሠፈር አሠራርና አፈራረስ

ለድኻ ቤት መሥራት ታላቅ በጎ አድራጎት ነው። ነገር ግን ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጠግነው ካላገኘ፥ በውስጡም የሚኖረው ቤተሰብ በአንድነት እንዲኖር ካልተፈቀደለት፥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህንም በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረው የፕሩት አይጎ ሠፈር ታሪክ ይመሰክራል። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማዪቱ ድኾች ባረጁና በተጨናነቁ ቤቶች ይኖሩ ነበር። በ1949 የወጣው የቤቶች ሕግ የአገሪቱ መንግሥት ለሥራው ገንዘብ እንዲሰጥ ስለ ፈቀደ፥ ሹማምንቱ አሮጌውን መንደር አፍርሰው አዲስ ለማቆም ተነሡ። ንድፉን ያወጣው ሚኖሩ ያማሳኪ ነው፤ ይኸውም ኋላ በኒውዮርክ መንታዎቹን የዓለም ንግድ ማእከል ሕንፃዎች የነደፈው ሰው ነው። እርሱ አጫጭርና ረጃጅም ቤቶችን አቀላቅሎ ለመሥራት አስቦ ነበር፤ ሆኖም ወጪ እንዲቀነስ ስለ ታዘዘ 33ቱም ሕንፃዎች ባለ 11 ፎቅ ሆነው ተሠሩ። በጠቅላላው 2,870 መኖሪያ ቤቶች ነበሩባቸው። የፕሩት ክፍል ለጥቁሮች፥ የአይጎ ክፍል ለነጮች ታስቦ ነበር፤ የዘር ልዩነቱ በሕግ ሲሻር ግን ነጮቹ ቀስ በቀስ ሄዱ።

ተከራዮች ከ1954 ጀምሮ ሲገቡ ደስታቸው ብዙ ነበረ። በ1957 ከመቶው 91 እጅ ቤት ሰው ገብቶበት ነበር። በ2011 በወጣ ፊልም ላይ የቀድሞ ነዋሪዎች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በናፍቆት ሲያስታውሱ ይታያሉ።

ታዲያ ምን አጠፋው? መንግሥት የሰጠው ገንዘብ ለማሠሪያ ብቻ ሲሆን፥ ጥገናው ከድኾቹ ኪራይ እንዲከፈል ተወስኖ ነበር። በ1950 ወደ 857,000 የሚጠጋው የከተማው ሕዝብ በ1970 ወደ 622,000 ወረደ፤ የተሻለ ገቢ ያለው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲሄድ ኪራዩ አነሰ፥ ጥገናውም ቆመ። አሳንሰሩ የሚቆመው በ1ኛው፥ በ4ኛው፥ በ7ኛውና በ10ኛው ፎቅ ብቻ ነበረ፤ የቀሩት ፎቆች ነዋሪዎች ደረጃ መውጣት ወይም መውረድ ነበረባቸው። ጨለማ የዋጠውም ደረጃ የወንበዴ መሸሸጊያ ሆነ። ለመቆጠብ ሲባል የተገጠመው ርካሽ ቍልፍና የበር እጀታም ቶሎ ተሰባበረ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በቤተሰብ ላይ የደረሰው ነው። በዚያ ዘመን የድኾች ልጆች ርዳታ የሚሰጠው በአብዛኛው አባት ከቤት ለሌለበት ቤተሰብ ነበረ። ስለዚህ ሥራ ያጣ አባት፥ ልጆቹ እንዳይራቡ፥ ከልጆቹ መለየት ግድ ይሆንበት ነበር። መርማሪዎችም ወንድ በቤት መኖሩን ለማወቅ ቤት ይፈትሹ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአላባማ በቀረበለት ክርክር እንዲህ ያለውን ደንብ የሻረው በ1968 ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ቤት አስቀድሞ ተበትኖ ነበር።

ነዋሪዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ በ1969 ከሌሎች የከተማው የመንግሥት ቤቶች ተከራዮች ጋራ ተባብረው ኪራይ አንከፍልም አሉ፤ ከወራትም በኋላ ጥያቄያቸው ተሰማ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው ከገቢው ከ25 በመቶ በላይ ኪራይ እንዳይጠየቅ ወሰነ። ሠፈሩን ለማዳን ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በመጋቢት 1972 የመጀመሪያው ሕንፃ በድማሚት ፈረሰ፤ በ1976 አንድም ሕንፃ አልቀረም።

በ1977 ቻርልስ ጄንክስ የተባለ ሐያሲ ዘመናዊው የሕንፃ ጥበብ በዚያ ስፍራ ሞተ ብሎ ጻፈ። የንድፉ ጉድለት እውነት ነው፤ ነገር ግን አባትን ከልጆቹ የለየውና የጥገናውን ገንዘብ ያስቀረው ንድፉ አይደለም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ለድኻ ቤት ሲታነጽ ስታይ የፎቁን ቍጥር ብቻ አትጠይቅ፤ ጣራው ሲያፈስ ማን ይጠግነዋል? አባትስ ከልጆቹ ጋራ ያድርበታልን? ብለህ ጠይቅ።