ድረ ገጽ ስለ ምን ይዘገያል?

ባለፈው ክረምት አምስት ጓደኛሞች አሰላ ላይ ባንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን የነጻ ትምህርት ማመልከቻ ለመሙላት ስንታገል አመሸን። ድረ ገጹ እስከ ግማሽ ይከፈትና ይቆማል። የኢንተርኔት ጥቅላችን አለቀ፤ ሰዓቱም አለፈ፤ ያንደኛው ጓደኛችን ማመልከቻ ሳይላክ ቀረ። ሁላችንም «ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው» ብለን ፈረድን። ኋላ ስንመረምረው ግን ፍርዳችን የችኮላ ሆኖ አገኘነው።

ስንዴውን ይዞ ወፍጮ ቤት የሚሄድ የአርሲ ገበሬ የሚዘገየው በሦስት ምክንያት ነው፤ ይኸውም በመንገዱ፣ በወረፋውና በሸክሙ ክብደት። የድረ ገጽም ነገር እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአሰላ አዲስ አበባ ያለው 175 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልሱ ከ0.002 ሰከንድ አይበልጥም። ስለዚህ አሰላ ሩቅ መሆኗ ጥፋተኛ አያደርጋትም። ገጹ የተቀመጠው 6,000 ኪሎ ሜትር ርቆ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ ግን አንዱ ምልልስ ቢያንስ 0.06 ሰከንድ ይፈጃል፤ ግንኙነት ለመክፈት፣ ምሥጢር ለመጠበቅና ገጹን ለመጠየቅ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ስላለ ሩብ ሰከንድ ይጠጋል። በሰው የተጨናነቀ የስልክ ማማም የራሱን መዘግየት ይጨምራል።

ሁለተኛው ወረፋው ነው። ሰርቨር የሚባለው ማሽን ጥያቄ በመጣለት ቁጥር ከመረጃ ቋቱ ፈልጎ ገጹን ያሰናዳል። ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ ቢመጣበት ያንኑ ገጽ ሺህ ጊዜ ማሰናዳት ይሆንበታል። መድኃኒቱ ዱቄቱን አስቀድሞ ፈጭቶ ማቆየት ነው፤ ለሁሉም አንድ የሆነውን ገጽ አንድ ጊዜ አሰናድቶ ቅጂውን ማደል። ጉግል የመጀመሪያው ምላሽ በ0.8 ሰከንድ ውስጥ እንዲደርስ ይመክራል።

ሦስተኛውና እኛን የጎዳን ሸክሙ ነው። በተለመደው የአጻጻፍ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ 3,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 9 ኪሎባይት ብቻ ነው ማለት ነው። በማመልከቻው አናት የተሰቀለው የሕንፃ ፎቶግራፍ ግን ብቻውን 4 ሜጋባይት ሆኖ አገኘነው፤ ይህም እንደዚያ ካሉ ጽሑፎች ከ400 በላይ ይመዝናል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመድረስ 32 ሰከንድ ይፈልጋል። ወደ 200 ኪሎባይት ቢቀነስ 1.6 ሰከንድ በበቃው ነበር፤ በስልክ መስታወት ላይ ግን ልዩነቱን ማንም ባላወቀው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከመካከላችን ለማኅበራትና ለክበባት ድረ ገጽ የምንሠራ አለን። ሥራችንን በፈጣን መስመርና በአዲስ ኮምፒዩተር ብቻ አንፈትነው። ባሮጌ ስልክና ሊያልቅ በተቃረበ ጥቅል፣ ከተቻለም ከጭላሎ ግርጌ ካለ መንደር እንክፈተው። ፎቶግራፉን እናሳንስ፤ የማያስፈልገውን ጌጥ እናስቀር፤ ጽሑፉ አስቀድሞ ይድረስ። ለእኛ ጌጥ የሆነው ነገር ለሌላው የተዘጋ በር ሊሆን ይችላልና።