የትምህርት ቤት በጀትና የድሃ ልጅ ምረቃ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ቤት ሲፈልግ፣ የመኝታ ክፍሉን ብዛት ከመጠየቁ በፊት «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» ይላል። ወዶ አይደለም። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚያወጡት ገንዘብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከየአካባቢው ይሰበሰባል፤ ይኸውም በአብዛኛው የቤትና የመሬት ግብር ነው። ከቀረው የሚበዛውን ክፍለ ግዛቱ ይሸፍናል፤ የፌዴራሉ ድርሻ በደህናው ጊዜ ከመቶ 10 አይሞላም።

ይህ አሠራር ምን እንደሚያመጣ የቴክሳሷ ሳን አንቶኒዮ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1967-68 የትምህርት ዘመን ድሃው የኤጅውድ የትምህርት ዲስትሪክት ለአንድ ተማሪ 356 ዶላር ሲያወጣ፣ እዚያው ከተማ ያለው ሀብታሙ አላሞ ሃይትስ 594 ዶላር ያወጣ ነበር። የኤጅውድ ሰው ግብር ሸሽቶ አይደለም፤ እንዲያውም በየ100 ዶላር የንብረት ግምት 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ ሀብታሞቹ 85 ሳንቲም። ቤቱ ርካሽ ስለሆነ አብዝቶ ከፍሎም የሚሰበሰበው ጥቂት ነው። ወላጆች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ፣ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ይህን አይከለክልም ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ሙግቱ ወደየክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ዞረ።

ለመሆኑ ገንዘብ ሲጨመር ልጁ ይመረቃል? «አይመረቅም» የሚሉት ካንሳስ ሲቲን ይጠቅሳሉ። እዚያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ፈሶ፣ የኦሎምፒክ ልክ ያለው መዋኛ ሳይቀር ተሠርቶ፣ የፈተና ውጤቱ ፈቀቅ አላለም። በጀትና ምረቃን ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ግን ያሳስታል። እንዲህ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ የሚታዘዘው ችግር ለበዛበት ትምህርት ቤት ነውና። ብዙ መድኃኒት የሚገዛው ሕመምተኛ ያለበት ቤት ነው፤ መድኃኒቱ አሳመመው አይባልም።

ከዚህ የተሻለውን መንገድ ጃክሰን፣ ጆንሰንና ፐርሲኮ የተባሉ ተመራማሪዎች ሞከሩት። ፍርድ ቤት በጀታቸውን ባስቀየራቸው ዲስትሪክቶች የተማሩ ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታተሉ። በ2016 ባወጡት ጥናት፣ በ12ቱም የትምህርት ዓመታት በጀቱ ከመቶ 10 ቢጨምር ልጁ ካደገ በኋላ ደመወዙ ከመቶ 7 ያህል ከፍ ይላል፤ ትምህርቱንም ይገፋል። ለድሃ ልጅ ለውጡ ይበልጣል። ገንዘቡ የሄደው ወደ መምህራን ደመወዝ፣ በአንድ መምህር የሚደርሰውን ተማሪ ወደ መቀነስና የትምህርት ዓመቱን ወደ ማርዘም ነበር፤ ወደ መዋኛ አይደለም።

የምረቃ ቁጥሩም ራሱ መመርመር አለበት። የሚቆጠረው 9ኛ ክፍል ከገቡት ውስጥ በ4 ዓመት መደበኛ ዲፕሎማ የያዙት ነው። በ2018-19 በመላ አገሪቱ ከመቶ 86 ሲመረቁ፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ከመቶ 80 ነበሩ። ዲፕሎማ ግን ያለ ትምህርትም ሊታደል ይችላል። በዋሽንግተን በ2017 ከተመረቁት 2,758 ተማሪዎች 937ቱ ከትምህርት ገበታ እየቀሩ ወይም ደንቡ እየተጣሰላቸው እንደተመረቁ ኦዲት አረጋግጧል። እኔ ከዚህ ቁጥር ወዲህ የምረቃ መቶኛ ብቻ ሲነገረኝ አላምንም።

እናንተም የልጃችሁ ትምህርት ቤት ስንት እንዳስመረቀ ሲነግራችሁ፣ ስንት ተማሪ በየቀኑ እንደሚቀርና ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ጨምራችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።