ወይን ቅጠል ላይ ያለው ባለ ቀንድ ትል

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በግቢያችሁ የወይን ሐረግ የምታሳድጉ፣ ቅጠሉ ተበልቶ ዘንጉ ብቻ ከቀረ ከሥሩ ጥቋቁር ኩስ ፈልጉ። መጀመሪያ የምጠረጥረው ሂፖቲዮን ሴሌሪዮ የተባለውን የእሳት እራት ነው። በአፍሪካ በሰፊው ይገኛል፤ ስኳር ድንች፣ ጎደሬና ከእንሶስላ ወገን የሆኑ ተክሎችንም ይበላል።

እናቲቱ ፈዛዛ አረንጓዴ ድቡልቡል እንቁላሎቿን ቅጠል ላይ አንድ በአንድ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ጭራው ላይ ቀንድ፣ ከደረቱ ኋላ በግራና በቀኝ ዓይን የሚመስል ምልክት አለው። ሲነኩት ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ ያ ቦታ ያብጥና ትንሽ እባብ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። ቀንዱ ግን አይናደፍም፤ ገላው ለስላሳ ስለሆነም እንደ ጸጉራሙ አባጨጓሬ አያሳክክም።

ትሉ አድጎ ሲያበቃ ወደ መሬት ወርዶ በደረቅ ቅጠል መካከል ስስ ድር ሠርቶ ቡናማ ፑፓ ይሆናል። ከዚያ የሚወጣው የእሳት እራት ክንፉ ሲዘረጋ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የፊት ክንፉን ብርማ መስመር ያቋርጠዋል፣ የኋላው ሮዝና ጥቁር ነው። አመሻሽ ላይ የአበባ ማር ይቀስማል።

ለግቢ ሐረግ ትሉን በእጅ መልቀም ይበቃል። እባካችሁ ፀረ ተባይ አትርጩ፤ ፍሬውን የሚበሉት ልጆቻችሁ ናቸው።