የዕለት ማስታወሻችን ለምን ይቋረጣል?

በየመኝታ ክፍላችን ያለው የደብተር ክምር ቢገለጥ አንድ ዓይነት ደብተር አይጠፋም። ሽፋኑ ላይ «የግል ማስታወሻ» ተብሎ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰባት ገጾች በተዋበ የእጅ ጽሑፍ ጥቅጥቅ ብለው ሞልተዋል። ቀጥሎ ያሉት እየሳሱ፣ እየሳሱ ሄደው አንድ ማክሰኞ ላይ ያበቃሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው የሒሳብ ማስሊያ፣ የስልክ ቁጥርና የብድር መዝገብ ነው። ባለቤቱን «ምነው ተውከው?» ያላችሁት እንደሆነ «ኧረ ጊዜ ከየት ይመጣል!» ይላል። በስልኩ ላይ ይጽፍ የነበረው ደግሞ «ተወኝ እባክህ፣ ስልኬ ሲበላሽ አብሮ ሄደ» ብሎ ይገላገላል።

ሁለቱም ምክንያቶች የሐሰት አይደሉም። ጊዜ ያጥራል፤ ዕቃም ይበላሻል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ማስታወሻ የሚቋረጠው ገና ሲጀመር ጊዜ እንደማያጥርና ዕቃ እንደማይበላሽ ተደርጎ ስለሚጀመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናየውም ይህንኑ ነው።

አስቀድመን ማስታወሻው ለእኛ ለእጩ መምህራን ምን እንደሚጠቅም እንይ። የትምህርት ዕቅድ አለን፤ ዕቅዱ ግን ሊሆን የታሰበውን እንጂ የሆነውን አይናገርም። ለተግባር ልምምድ የወጣ አንድ እጩ መምህር ክፍልፋይ ያስተምራል እንበል። «ከአንድ ሁለተኛና ከአንድ ሦስተኛ የቱ ይበልጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ግማሹ ክፍል «አንድ ሦስተኛ!» ብሎ ይጮኻል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፤ ሦስት ከሁለት ይበልጣል ብለው በሙሉ ቁጥር የተማሩትን ነው ይዘው የመጡት። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ክብ ይሥላል፣ ይከፋፍላል፤ አልሆነም። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «አንዱ ዳቦ ለሁለት ሰው ሲሆንና ለሦስት ሰው ሲሆን ማለት ነው?» ስትል ያ ሁሉ ልጅ ይገባዋል።

እንግዲህ ይህች የልጅቷ ጥያቄ በዚያው ማታ ካልተጻፈች በሚቀጥለው ዓመት አትገኝም። መምህሩ የሚቀርለት «ክፍልፋይ ይከብዳቸዋል» የሚል ጥቅል ሐሳብ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ክፍል ገብቶ የማያውቅም ሰው ይለዋል። ተመርቀን ስንመደብ ብዙዎቻችን የሚጠብቀን ከመኪና መንገድ የራቀ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። እዚያ ያለው ነባር መምህር በሥራ ብዛት የሚያንጎራጉር፣ ተቆጣጣሪውም በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ቢሆን፣ ባለፈው ሳምንት ምን እንዳደረግንና ምን እንደገጠመን መልሶ የሚነግረን የራሳችን ደብተር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጊዜው ጉዳይ እንምጣ። ሥራ የበዛበት ሰው ማስታወሻ መያዝ አይችልም የሚለውን ለመመርመር ከሳሙኤል ፒፕስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ፒፕስ በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ የባሕር ኃይል አስተዳደር ውስጥ ከፍተኛ ሹም ነበር። የመርከብ እንጨቱ፣ የገመዱ፣ የስንቁና የደመወዙ ጣጣ ሁሉ በእሱ መሥሪያ ቤት በኩል ያልፋል። ይህ ሰው ከጥር 1 ቀን 1660 እስከ ግንቦት 31 ቀን 1669 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ማለት ዘጠኝ ዓመት ከአምስት ወር ያህል፣ የዕለት ማስታወሻ ይዟል። እንዴት ቻለው ቢባል፣ ሁልጊዜ በየማታው ተረጋግቶ ተቀምጦ አልነበረም። ቀን ቀን የገጠመውን በቁራጭ ወረቀት ይመዘግባል፤ ፋታ ሲያገኝ፣ አንዳንዴም ቀናት ካለፉ በኋላ፣ ወደ ዋናው መዝገብ ይገለብጠዋል። ይጽፍ የነበረውም በአጭር ጽሕፈት ስለሆነ እጁ ከሐሳቡ ብዙ ወደ ኋላ አይቀርም ነበር።

በ1666 እ.ኤ.አ. የለንደን ታላቅ ቃጠሎ ሲነሣ ፒፕስ ንብረቱን ወደ ከተማው ዳር አሸሸ፤ ከንብረቱም ጋር ማስታወሻው ነበረበት። እሳቱ ጋብ ሲል መዝገቡን አምጥቶ ያመለጡትን ቀናት ሞላ። ልብ በሉ፣ ከተማ ሲቃጠል የከረመ ሰው ነው። በመጨረሻ ያስቆመው ዓይኑ ነው፤ ልታወር ነው ብሎ ፈርቶ ተወው። ግን አልታወረም፤ እስከ 1703 እ.ኤ.አ. ኖሯል። ማስታወሻው ታትሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው በ1825 እ.ኤ.አ. ነው።

ከፒፕስ ልንወስደው የምንችለው የቁራጭ ወረቀቱን ዘዴ ነው። በትምህርት ዕቅዳችን ገጽ ግርጌ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ብንተው፣ ደወል ተደውሎ ቀጣዩ መምህር እስኪገባ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች «ዳቦ፤ ለሁለት፣ ለሦስት» ብሎ መጫር ይቻላል። ማታ ያቺን ሦስት ቃል ሲያዩ ነገሩ በሙሉ ተመልሶ ይመጣል። ሦስት ቃል ለመጻፍ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ካለ፣ እሱስ ጊዜ ሳይሆን ፍላጎት ነው ያጣው፤ ይህም ነውር የለውም፣ ሁሉም ሰው ማስታወሻ ይያዝ የሚል ሕግ አልወጣም።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ግን ውዝፍ ነው። ፈተና ወይም ሕመም አራት ቀን ያዘልላል። በአምስተኛው ቀን ባለ ማስታወሻው «መጀመሪያ ያለፉትን አራት ቀናት ልሙላ» ይላል፤ ያኔ የአንድ ቀን ሥራ የአምስት ቀን ይሆንበታል። ይደክመዋል፣ «ነገ» ይላል። ነገ ስድስት ይሆናል። እንደ ውዝፍ ዕዳ እየተቆለለ ሄዶ በአሥረኛው ቀን ደብተሩን ማየት ራሱ ያስጠላል። በቁራጭ ወረቀት የተያዘ ነገር ካለ እሱን ገልብጦ መቀጠል ነው። ከሌለ «ከ4 እስከ 7 አልተጻፈም» ብሎ አንድ መሥመር አስፍሮ የዛሬውን መጻፍ ነው። ባዶ ቀን ያለበት ደብተር ደብተር ነው፤ ማንም ነጥብ አይቀንስበትም።

ስለ ውብ ደብተርም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባ፣ ቁልፍ ያለው ደብተር የሚገዛ ሰው ከደብተሩ ጋር የሚመጥን ቃል ሲፈልግ ይውላል። ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ከዚህ ይሻላል፤ አጻጻፉ ቢንጋደድም፣ ሽሮ ቢንጠባጠብበትም አይቆጭም።

የመሣሪያውን ችግር ከወረቀቱ እንጀምር። ተራው እስክሪብቶ ቀለሙ ቅባትነት ስላለው ውሃ ሲነካው ቶሎ አይፈስስም። ጄል የሚባለው ግን ውሃ ወለድ ስለሆነ አንድ የዝናብ ጠብታ ገጹን ሰማያዊ ኩሬ ያደርገዋል። በክረምት ቦርሳ ተሸክሞ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርሳስ የልጅ መጻፊያ ተደርጎ ይናቃል እንጂ ካርቦን በመሆኑ በፀሐይ አይደበዝዝም፣ በውሃም አይለቅም፤ ጠላቱ መታሸትና ላጲስ ነው። አባቶቻችን ለብራና ጽሑፍ ከጥቀርሻ ያዘጋጁት የነበረው ጥቁር ቀለምም ካርቦን ስለሆነ ነው መቶ ዓመታት አልፈውት ዛሬም ጠቁሮ የሚታየው። ወደ ደቡብ ዋልታ የተጓዘው እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮትም በመንገድ ላይ የጻፈው በእርሳስ ነበር። የመጨረሻው ቃሉ የተጻፈው መጋቢት 29 ቀን 1912 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አስከሬኑና ማስታወሻው በበረዶ ውስጥ የተገኙት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው፤ ጽሑፉም ይነበብ ነበር።

ስልክ ላይ የሚጽፉትን በተመለከተ ጉዳዩ ሰፋ ይላል። በመጀመሪያ «ሚሞሪ ስለሞላብኝ ማስታወሻዬን አጠፋሁ» የሚባለው ነገር ስሌቱ አይደግፈውም። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል። በቀን 100 ቃል ብንጽፍ፣ ቃሉ በአማካይ አምስት ፊደል ቢሆን፣ ክፍተቱን ጨምሮ 1,600 ባይት ነው። በ365 ስናባዛው 584,000 ባይት ይመጣል። ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ የዓመት ሐሳብን ሰርዞ የአንድ የሠርግ ፎቶ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። ስልኩ በፋይሉ ላይ የሚያሳርፈው ቀን እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 የተጻፈውን መስከረም 11 ቀን 2024 ይለዋል፤ ጧት 2 ሰዓትን ደግሞ 8 ሰዓት። ፋይሉ ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥም ይህ ቀን ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ቀኑን በራሳችን እጅ፣ በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ፣ «ዓ.ም.» ጨምረን እንጻፍ። ዓ.ም. ያልተባለ «2017» ከዓመታት በኋላ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያከራክራል።

ሦስተኛው ፍላሽ ነው። በኮምፒዩተር ቤት የተሰካ ፍላሽ ተመልሶ ሲከፈት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ያገኛቸው ሰው ይደነግጣል፤ ባለ ሱቁም «ፎርማት ይደረግ» ይለዋል። አይሆንም በሉ! ይህ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። ሾርትከቱን መጫን ግን ቫይረሱን ማስነሣት ነው። የሚያውቅ ሰው የተደበቁት ፋይሎች እንዲታዩ አድርጎ በጸዳ ኮምፒዩተር ላይ ይገልብጣቸው፤ ፍላሹ የሚጸዳው ከዚያ በኋላ ነው። በስሕተት የተሰረዘ ነገር ካለም በዚያ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ላይ አዲስ ነገር መጫን ማቆም ያስፈልጋል። የተሰረዘው ጽሑፍ ሌላ እስኪተካበት ድረስ ብዙ ጊዜ እዚያው ስለሚቆይ፣ የማስመለሻ ፕሮግራም ሊያገኘው ይችላል።

ከእኛ ቀደም ያሉ መምህራን ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። የድሮ የአማርኛ ፋይላቸውን ሲከፍቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይወጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ደርድረዋል፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ተሠርቶባቸዋል። ጽሑፉ ስላልጠፋ የተጻፈበትን ፎንት አግኝቶ መክፈት፣ ቀጥሎም በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዞር ይቻላል። ዛሬ ለምንጽፈውም መጠንቀቂያው ቀላል ነው፤ በዩኒኮድ መጻፍና ነገ ይኖር አይኖር በማይታወቅ በአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈት ፋይል አለመሥራት።

መብራት ለሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሄድ ሰው የእኛ ምርጫ እንዲህ ነው፤ ዋናው ደብተር ይሁን፣ ስልኩ ደግሞ ቅጂ። በወሩ መጨረሻ ገጾቹን በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ ፎቶ ማንሣት፣ ፎቶዎቹን በፍላሽ ማስቀመጥ፣ ኔትወርክ ሲገኝም በቴሌግራም ወደ ራስ መላክ። ደብተሩ ቢርስ ፎቶው አለ፤ ስልኩ ቢሰረቅ ደብተሩ አለ። ፍላሹን ከደብተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ መያዝ ግን ሁለቱን በአንድ ሌባ እጅ ማስገባት ነው።

ቅጂ ሲበዛ የሚያነበው ዓይንም ይበዛል። በመምህር ማስታወሻ ውስጥ የልጆች ጉዳይ አለ፤ ቁርስ ሳይበላ የመጣው፣ አባቱ የሚደበድበው፣ ፊደል አልለይ ያለው። ይህን በሙሉ ስም ጽፎ ወደ ቴሌግራም መላክ ተገቢ አይደለም። «ከመስኮቱ ሥር ያለችው»፣ «የቀይ ሹራቡ ልጅ» ማለት ለጻፈው ሰው ይበቃዋል። ልጁ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ ጉዳዩ በደብተር ተዘግቶ እንዲቀር ሳይሆን በማግስቱ ለርዕሰ መምህሩ በቃል እንዲነገር፣ በማስታወሻውም ላይ «ነግሬያለሁ፣ ሐሙስ» ተብሎ እንዲመዘገብ ያስፈልጋል።