ከቦሌ እስከ ዋሻ ሚካኤል

ሜክሲኮ ውስጥ ኮዙሜል የምትባል ደሴት አለች። ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች ጠዋት ይደርሱባታል። ተሳፋሪው ወርዶ ይዋኛል፣ ይበላል፣ ኮፍያ ይገዛል፤ ሲመሽ መርከቡ ይዞት ይሄዳል። አስጎብኚው፣ ባለታክሲው፣ ባለሱቁ ኑሯቸውን በዚያች ቀን ላይ መሥርተዋል። አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ ወደቧ ቦሌ ነው። የእኛው የአንድ ቀን እንግዳ ትራንዚት መንገደኛ ይባላል። ከተማችን ይህን ሰው በወጉ አታውቀውም፤ የካ ክፍለ ከተማ ደግሞ ጭራሹን አታውቀውም።

መሠረታዊውን ቶሎ ልጨርስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራዎች በቀን ሁለት ጊዜ ቦሌ ላይ ይሰባሰባሉ። ጠዋት ከሩቅ አገር የመጡት ያርፋሉ፣ ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይነሣሉ፤ ማታ ነገሩ ይገለበጣል። በረራው ያልገጠመለት ጠዋት 1 ሰዓት ደርሶ ማታ 5 ሰዓት ይሄዳል። ቆይታው ከ8 ሰዓት በላይ ሲሆንና የተሻለ ግንኙነት ሲታጣ አየር መንገዱ ሆቴል ይሰጣል፤ ብዙዎቹም በ2011 ዓ.ም. በተከፈተው ስካይላይት ያርፋሉ። ከተማ ለመውጣት ቪዛ የሚጠየቅ አለ፤ ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከአገር ሳይነሡ ማጣራት ነው።

ስለ አየሩ ግን እንዲህ ቶሎ አላልፍም። ድሪምላይነር በሚባለው ቦይንግ 787 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት፣ አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ከፍ ቢል፣ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ብዙም እንዳያንስ ተደርጎ ይያዛል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ያለው 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲያቆለቁል የመንገደኛው ሳንባ ሽቅብ እየወጣ ነው። ሰውየው መሬት ረገጥኩ ሲል ሰማይ ላይ ከነበረበት የሳሳ አየር ይቀበለዋል። ይህ ሳይበቃው በዚያው ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው እንጦጦ እናወጣዋለን፤ እዚያ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አትሌቶቻችን ለልምምድ የሚመርጡት ዳገት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። «ትንሽ ናት፣ ደረስን» እያለ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ያደረ ሰው የሚያስሮጥ አስጎብኚ ሳይ ደሜ ይፈላል። ቀስ በል ወንድሜ! ውኃ አጠጣው፣ በየመሀሉ አሳርፈው።

የተለመደው ጉብኝት የሚታወቅ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ያያሉ፣ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ይገዛሉ፣ ከዚያ እንጦጦ ማርያም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከተጨመረ ቀኑ አለቀ። ክፉ አይደለም። ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት ቅሬታ አለኝ።

አንደኛው ስለ ፎቶ ነው። ጀርባዋ እስኪጎብጥ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ ቁልቁል የምትወርድ ሴት የፖስታ ካርድ አይደለችም። ቆም ብሎ ሰላም ማለት፣ ማስፈቀድ፣ እምቢ ካለችም ካሜራውን ማውረድ ማንንም አያደኸይም።

ሁለተኛው አስጎብኚዎቻችንን የሚመለከት ነው። ከሆቴል በር ላይ ነጭ ፊት ብቻ ይጠብቃሉ። ቦሌ የሚያርፈው መንገደኛ ግን ከሌጎስ፣ ከአክራ፣ ከኪንሻሳም ነው። አንድ ጊዜ ከጓንዡ ወደ ዱዋላ የሚመለስ ካሜሩናዊ የጨርቅ ነጋዴ አጋጥሞኝ ሽሮ ሜዳ ወሰድኩት። ባለሱቋ የዘረጋችለትን ነጠላ ከፊት አላየውም፤ ገልብጦ የጥለቱን ጀርባ አየ፣ ክሩን በሁለት ጣቱ መሐል አሸው፣ ጠርዙን ወደ ብርሃን ያዘ። «ይሄ የመኪና ነው» አለና መለሰላት። እሷም ሳትከራከር ከመደርደሪያው ሥር የእጅ ሥራውን አወጣች። ከዚያ በኋላ ዋጋ ሲነጋገሩ የእኔ ትርጉም እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ቀኑ ገና ስለነበር ከዚያ ወደምወደው ቦታ ወሰድኩት። ከሾላና ከኮተቤ በላይ፣ የካ ኮረብታ ላይ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዋሻ ሚካኤል። አዲስ አበባ ተወልዶ አርባ ዓመት የኖረ ሰው «የቱ ዋሻ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ሲባል ላሊበላ፣ ቢበዛ ትግራይ ነው የሚታየው። ትንሽ የተጓዘ ሰው በቡታጅራ መንገድ ያለችውን አዳዲ ማርያምን ይጨምራል። በገዛ ክፍለ ከተማው ያለውን ግን አያውቀውም። አስጎብኚውም መንገደኛውን «ሌላ ጊዜ ስትመጣ ላሊበላን ታያለህ» ብሎ ይሸኘዋል። ሌላ ጊዜ መቼ ነው? ሰውየው ማታ 5 ሰዓት ይበራል!

ስንደርስ አንድ አዛውንት አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አባታችን፣ እንደምን ዋሉ? እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከየት ነው?»

«ከካሜሩን።»

«ክርስቲያን ነው?»

«ነው፣ አባቴ።»

«ጫማውን ያውልቅና ይግባ። ጠርዙ ላይ ቀስ ይበል በለው፤ ያንሸራትታል።»

ነጋዴው ዙሪያውን አየና «ይህን ሁሉ ድንጋይ ከየት አመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ጥያቄው ቦታውን ለማስረዳት ጥሩ መግቢያ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ድንጋይ አልመጣም፤ የሄደ ነው። ግንበኛ ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ፈልፋይ ግን ከጣሪያ ጀምሮ ወደ መሠረት ይወርዳል። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ዐለት ይቀራል። ከዚያ በሩ፣ መስኮቱ፣ ውስጡ ይፈለፈላል። ግንበኛ ተሳስቶ ያኖረውን ድንጋይ ያነሣል፤ ፈልፋይ አንድ ጊዜ የቆረጠውን መመለስ አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው መዶሻ ከማረፉ በፊት ሕንፃው ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለቀ መሆን አለበት።

ዋሻ ሚካኤል ጣሪያው የለም፤ ፈርሷል። ብዙዎች «ፍርስራሽ ነው፣ ምን ይታያል» ይላሉ። እኔ ደግሞ የሚታየው ለዚህ ነው እላለሁ። ላሊበላ ላይ ጨለማ ውስጥ ገብተህ የአሠራሩን ስልት በግምት ትከተላለህ። እዚህ ግን ጠርዙ ላይ ቆመህ ግድግዳው የት እንደተተወ፣ በሩ እንዴት ከዚያው ዐለት እንደወጣ በፀሐይ ብርሃን ከላይ ታየዋለህ። የፈልፋዩን ሐሳብ ለማንበብ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ዘመኑ ያከራክራል። የአካባቢው ትውፊት እስከ አብርሃና አጽብሐ ይወስደዋል፤ አጥኚዎች ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። የካህናቱን ቃል አላቃልልም፤ ለእኔ ግን 12ኛውም ይበቃኛል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከጣይቱ ጋር ተወለደች ብለን የምናስተምረው ልጅ፣ ከዚያ በፊት እዚህ ዳዋ ብቻ የነበረ ይመስለዋል። ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ በአውሮፓውያኑ 1450ዎቹ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ከተማ ሰፍራለች፤ አጥኚዎቹ ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትዊግ ብሬተርኒትስ ቦታዋን በአዲስ አበባ ዙሪያ ፈልገዋል። ምኒልክም እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ የጥንት ነገሥታት ከተማ የነበረበት ነው የሚለው ትውፊት ገፋፍቷቸዋል። ስለዚህ የትራንዚት መንገደኛን «አዲስ ከተማ ናት፣ የሚታይ ጥንታዊ ነገር የላትም» ብሎ የሚቀበል አስጎብኚ ራሱ መጎብኘት ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ዋሻ ሚካኤል ለሚሄዱ ሰዎች። ከሰኔ እስከ መስከረም አትምጡ፤ ጣሪያ የሌለው ጉድጓድ የክረምቱን ዝናብ ያቁራል፣ ዳገቱም ጭቃ ይሆናል። በዚያ ወራት እንጦጦ ማርያምና ሙዚየሙ ይሻላሉ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ግን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መድረስ ጥሩ ነው፤ ብርሃኑ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ጠንካራ ጫማ፣ ውኃ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጥ ዝርዝር ብር መያዝ ነው። ፓስፖርትና የበረራ ወረቀት ከኪስ አይለይ።

መመለሻው መገናኛን የሚያቋርጥ ከሆነ ከ10 ሰዓት በፊት ቁልቁል ጀምሩ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ግማሽ ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ቦሌም ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ያስፈልጋል። የጀበና ቡናውን ለመጨረሻ አቆዩት። ከአቦል እስከ በረካ ሳይጣደፉ ለመቀመጥ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ ቡና ቤት ይሻላል፤ የየካን ዳገት የወጣ ሰው ደግሞ ያን ጊዜ መቀመጥን አይጠላም።